ሐጂ በጋቢ የሸፈኑት ሰሌዳ

የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቄ ለሦስተኛው ሳምንት ሲቀረኝ፣ ለእናቴ ነጠላ ልገዛ ሸማ ተራ ወረድኩ። ከአንድ ሱቅ ጎን ባለው የግንብ አጥር ላይ፣ መስቀል የተቀረጸበት የድንጋይ ሰሌዳ አለ። ከመስቀሉ በታች ያለውን ለሽያጭ የተሰቀለ ጋቢ ሸፍኖታል። ከፊቴ የነበሩ እናት ተሳልመው አለፉ። እኔም የቤተ ክርስቲያን አጥር መስሎኝ ግንባሬን አስነክቼ፣ «የአሁኑን ፈተና ብቻ አሳልፈኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ስለት ተሳልኩ። ለካ ድምፄ ይሰማል።

«ጃንጥላውን ለየትኛው ታቦት ነው?» አሉኝ ባለሱቁ ሐጂ።

ሐጂ ጋቢውን ገለጥ አደረጉልኝና ከሥሩ የተቀረጸውን ጽሑፍ አነበብኩ፦ «በዚህ ስፍራ ቀድሞ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ነበር።» ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩት ልጅ፣ ለፕሮቴስታንቶች ጃንጥላ ተስያለሁ።

«ታዲያ ሐጂ፣ ለምን ይሸፍኑታል? ሰው እኮ እየተሳሳተ ነው» አልኳቸው ላቤን እየጠረግኩ።

ጋቢውን መልሰው አስተካከሉ።

«ጽሑፉ ሲታይማ ታሪክ ብቻ ነው እያለ ሁሉም ይሸናበት ነበር።»