ከበረኛዋ የሚጀምር ጥሪ

ጥሩምባ ብለው ስም ያወጡለት የአውቶቡስ መናኸሪያው ሾፌሮች ናቸው። ሥራው ድምፅ ማጉያ ይዞ መኪና መጥራት ነው፤ የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሞልቶ እንደተዘጋ፣ የማን ሻንጣ ተረስቶ እንደተገኘ። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ ድምፁ ግን ተዘጋ፣ ሰለለ አይልም። ሚስቱ ትቀልድበታለች፦ «ሌላዋ ሴት ባሌ የት ዋለ ብላ ትጨነቃለች፤ እኔ መስኮት መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።»

ከመናኸሪያው ጀርባ የሰፈሩ ልጃገረዶች የሆኪ ክለብ የሚጫወትበት ሜዳ አለ። ሆኪ፣ ላላያችሁት፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጠንካራ ኳስ እየመቱ ግብ የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ነው። ኳሷን ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት፤ ቅልጥም ላይ ካረፈች የእናት ስም ታስረሳለች። ጥሩምባም ስለ ሆኪ የሚያውቀው ይህንኑ ያህል ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ በሜዳው በኩል አለፈ። ልጆቹ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ይሮጣሉ፤ ተመልካች ተብለው የቆሙት ጥቂት እናቶችና የሜዳው ዘበኛ ብቻ ናቸው። አንጀቱ አልቻለም። ድምፅ ማጉያውን ወደ መናኸሪያው አዙሮ፣ «ወደ ሆኪ ሜዳ! ወደ ሆኪ ሜዳ! ቦታ አለ፣ ሒሳብ የለውም!» ብሎ ለቀቀው። ሾፌሮቹ እየሳቁ መጡ፤ መካኒኮቹም ዘይት በዘይት እንደሆኑ ተከተሏቸው። ሊያሾፉ መጥተው ደጋፊ ሆነው ቀሩ።

ጥሪው የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ጥሩምባ ልጆቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሕዝቡ ደግሞ በአንድ አፍ «አለች!» ብሎ ይመልሳል። ቅጽል ስሙን የሚያወጣላቸውም እሱ ነው። አንዷን ንፋስ አላት፣ አንዷን ሽቦ፣ አንዷን አኩራፊ ስለሆነች አትንኩኝ አላት፤ እሷም እያኮረፈች ተቀበለችው። እያደር ወላጆቹ ሳይቀሩ በልጆቻቸው ቅጽል ተጠሩ፤ የንፋስ አባት፣ የሽቦ እናት እየተባሉ። ጥሪው ታዲያ ሁልጊዜ ከበረኛዋ ይጀምራል። «ቤት የሚገባው በበር ነው፤ መጀመሪያ በሩን እንዝጋ» ይላል ጥሩምባ።

በረኛዋ መቀርቀሪያ ትባል ነበር። አጠር ያለች፣ ሳቂታ፣ ኳስ ደረቷን ሲመታት የምትስቅ ልጅ ነበረች። ከመጠራቷ በፊት በዱላዋ የግቡን ብረት ቋ፣ ቋ አድርጋ ወደ ጥሩምባ ትዞራለች፤ «ዝግጁ ነኝ» ማለቷ ነው። እናቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ልብስ የምትተኩስ ሴት ናት። ከሥራ በቀጥታ እየሮጠች መጥታ ከጥሩምባ አጠገብ ትቆማለች፤ ካውያው ያቃጠለውን እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድማ «አለች!» የምትለው እሷ ነበረች።

በውድድሩ አጋማሽ መቀርቀሪያ ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ያልፋል ተባለ። አላለፈም። ሳምንቱ ሳያልቅ ቀበሯት። እንዲህ ያለውን ነገር ማስረዘም አልወድም፤ ልጅ የቀበረ ያውቀዋል፣ ያልቀበረ ደግሞ አይወቀው።

ክለቡ ይበተን ወይስ ይቀጥል ተብሎ ብዙ ተወራ። አሰልጣኟ፣ «ልጆቹ ቤት ከተቀመጡ ይብስባቸዋል» አለችና ቀጠሉ። ለበረኝነት ተተኪ የነበረችው ልጅ ገባች። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ክለቡ ያለው የበረኛ ልብስ አንድ ብቻ ነው። ፊትን በፍርግርግ የሚሸፍን የራስ ቁር፣ የደረት መከላከያ፣ እስከ ጭን የሚደርስ ወፍራም የእግር መከላከያ፣ ጓንት። ያን ሁሉ ያጠለቀ ልጅ ማን እንደሆነ እናቱም አትለየውም።

ያን ቀን ተተኪዋ ልብሱን ለብሳ ወጣች። ግቡ ጋ ደረሰች። ከመቀርቀሪያ ጋር ስትለማመድ ከርማለችና በዱላዋ ብረቱን ቋ፣ ቋ አደረገችው። ወደ ጥሩምባ ዞረች።

ጥሩምባ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ አፉ ግን የለመደውን ያውቃል።

«መቀርቀሪያ!»

ሕዝቡም የለመደውን ያውቃል። «አለች!» አለ በአንድ አፍ፤ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ እናቱ፣ አባቱ።

ከዚያ ሜዳው ጭጭ አለ። የሚያስለው ሰው እንኳን ሳሉን ዋጠው። የመቀርቀሪያ እናት ጥቁር ለብሳ እዚያው አጠገቡ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ፣ በሰዎቹ መሀል አልፋ ሄደች። ጥሩምባ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ከዚያ ወዲያ ጥሪውን ከተከላካዮቹ ጀመረ። ማንም «ለምን?» አላለውም፤ ሁሉም የገባው መሰለው። «ዝም አይነቅዝም» አለ ለራሱ። ግቡንም ማየት ተወ። ኳሱ ወደዚያ ሲሄድ ጀርባውን ያዞርና የሕዝቡን ፊት ያያል፤ ግብ መግባቱንና መዳኑን ከሰዎቹ ፊት ነበር የሚያነበው። ያ የራስ ቁር፣ ያ ፍርግርግ፣ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ውስጡ ማን እንዳለ አያውቅማ! ልጅቱ ቋ፣ ቋ ስታደርግማ ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል።

ነገሩ ሜዳው ላይ ቢቀር ደግ ነበር። አልቀረም። መናኸሪያው ድረስ ተከትሎት መጣ። ሾፌር የመኪና በር ሲያንኳኳ ይደነግጣል። አንድ ቀን ጠዋት ባዶ የተሳፋሪ መቆሚያ ፊት ቆሞ፣ «የሰሜኑ መስመር፣ አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጣራ፣ ከባዶው መቆሚያ «አለች» የሚል ሰማ። አንድ አፍ ብቻ፤ የሴት ድምፅ። ዞረ፤ የተኛ ውሻ እንጂ ሌላ አልነበረም። ለሚስቱ ነገራት። እንደ ልማዷ ትስቅብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም። «ሂድና ያቺን ሴትዮ ይቅርታ ጠይቃት» ብቻ አለችው።

ሄደ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። የመቀርቀሪያ እናት በእንፋሎቱ መሀል አንሶላ ትተኩሳለች፤ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ። ቀና ስትል ዓይኗ ወደ በሩ የመጣ መሰለው። ያ ከተማ የሚያናውጥ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ያለችውን ልጅ፣ «ኮት ታጥባላችሁ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀና «አዎ» ሳትለው ሹልክ ብሎ ወጣ። ኮት የለውም እኮ!

ውድድሩ እንዲህ እንዲያ ሲል አለቀ። በዝናብ ተጫወቱ፤ ጭቃው ዱላ ሲሰብር የሰፈሩ አናጢ እዚያው ቆሞ አሰረላቸው። ሌላ ከተማ ሲሄዱ ሾፌሮቹ ተራ ገብተው አደረሷቸው፤ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ አብሯቸው የተሳፈረ መካኒክ በመጠጥ ውሃቸው አበረደውና ልጆቹ ጉሮሯቸው ደርቆ ተጫውተው አሸነፉ። በመጨረሻው ጨዋታ ተጋጣሚ ቅጣት ምት አገኘ፤ በረኛዋ አዳነችው። ሕዝቡ ዘለለ፣ ተቃቀፈ። ጥሩምባ ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አላየውም፤ ከሰዎቹ ፊት አነበበና አጨበጨበ። አራተኛ ወጡ። እንደዚያ ባለ ዓመት አራተኛ መውጣት ዋንጫ ነው።

ቀጥሎ የደጋፊዎች ምስጋና ቀን መጣ። በክለቡ ልማድ ያን ቀን ጥሪው ይገለበጣል፤ ጥሩምባ ደጋፊዎቹን ይጠራል፣ ልጆቹ ተሰልፈው «አለ!»፣ «አለች!» ይላሉ። ሁሉም ቀኑን የሚጠብቀው በደስታ ነበር፤ ጥሩምባን ግን ጨነቀው። የመቀርቀሪያን እናት እንዴት ነው የሚጠራት? ሰው ሁሉ የሚያውቃት በልጇ ስም ነው። ቢጠራት ያንኑ ስም መልሶ ፊቷ ላይ መወርወር ነው። ቢዘላት፣ ከማንም በላይ የደገፈችውን ሴት እንደሌለች መቁጠር ነው። አሰልጣኟ፣ «ይለፏት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ አልመጣችም» አለችው። ሚስቱ ደግሞ፣ «ብትጠራትም ትታመማለች፣ ብትዘላትም ትታመማለች፤ ይልቅ ለራስህ ይውጣልህ» አለችው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እሱን ግን አልጠቀመውም።

የሾፌሮች ማረፊያ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ሻይ በትልቅ ጀበና መሳይ ማሰሮ ተፈላ፣ ብስኩት ተደረደረ። ጥሩምባ ጀመረ። አናጢውን ጠራ፤ «አለ!» አሉ ልጆቹ። መካኒኩን ጠራ፤ ያፍርበት የነበረውን ዘይታም እጁን ሳይደብቅ ቆመ። ሾፌሮቹን ጠራ፣ የንፋስን አባት፣ የሽቦን እናት ጠራ። የአትንኩኝ አያት ሲጠሩ አኩርፈው ተነሱ፤ ከማን እንደወረሰችው ያኔ ታወቀና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በሳቁ መሀል ጥሩምባ ቀና ሲል በሩ ጋ ቆማ አያት። ጥቁር ሻርፕ፣ ብብት ሥር የተሸጎጠ እጅ።  ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ሰዉን እየገፋ ሄደና ፊቷ ቆመ።

«እህቴ፣ አጥፍቻለሁ» አላት። «ያን ቀን አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። ሜዳ እንዳትመጪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። እንቅልፍ የለኝም።»



«ማን ቀረች አለዎት ጋሼ? እኔ እዚህ ሜዳችን ላይ አንድም ጨዋታ አልቀረሁም።»

«የት ሆነሽ?»

«ከግቡ ኋላ ነዋ፣ አጥሩ ጋ። እርስዎ ወደዚያ መቼ አይተው ያውቃሉ!»



«ያን ቀን ስሟን ሲጠሩት» አለች፣ ድምጿ ዝግ ብሎ፣ «ያ ሁሉ ሰው አለች ሲል... ምን ልበልዎት፣ አንጀቴ ተቃጠለ። ግን ልጄን ያልረሳላት ሰው አለ ብዬ ቤቴ ገብቼ አልቅሼ ወጣልኝ። በዚያ አልተቀየምኩዎትም። የተቀየምኩት በሌላ ነው።»

«በምን?»

በአገጯ አመለከተችው። ከአዳራሹ ዳር አንዲት ቀጭን ልጅ ባዶ ብርጭቆ ትሰበስባለች። ጥሩምባ ፊቷን ለይቶ አላወቀውም። ማን ናት ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ገባው። ውድድሩን ሙሉ አንድም ቀን ፊቷን አላየውም።

«የልጄን ጓንት አጥልቃ ከረመች» አለች እናትየው። «ኳስ ደረቷን ሲደልቃት ዋለ። በየጨዋታው ብረቱን ቋ፣ ቋ ታደርግና ወደ እርስዎ ዞራ ትቆማለች፤ እንደሚጠሯት ትጠብቃለች። እርስዎ ከተከላካዮቹ ይጀምራሉ። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ ትከሻዋ ወረድ ሲል አያለሁ። ልጅ ናት እኮ! ምን አደረገችዎት?»

 ጥሩምባ ሟቿን ሽሽት ጀርባውን ሲያዞር በሕይወት ያለችውን እንደሌለች ሲያደርጋት ከርሟል። ስንቱ ሰው አይቶ ዝም እንዳለም አሁን ታየው፤ ሁሉም ለሐዘኑ ክብር ሲሉ ነው ዝም ያሉት፤ ዕዳው ግን በመሀል ልጅቱ ላይ ወደቀ። አፈረ። በጣም አፈረ።

«እኔን ይተዉኝ፣ ስሜ የትም አይሄድም» አለች። «እሷን ይጥሯት።»

ተመልሶ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። ምን ብሎ ይጥራት? ለሁሉም ስም ሲያወጣ ለእሷ አላወጣም። እናት ያወጣችላትንም አልጠየቀም። 

«በረኛችን!» አለ።

ሕዝቡ ደነገጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ለሁሉም የታየችው የሞተችው ናት። መልስ የሰጠ የለም። ቀጭኗ ልጅ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ከኋላዋ ግድግዳ ነበር። ግራና ቀኟን አየች። ከዚያ ወደ ጥሩምባ።

«እኔን ነው?» አለች።

ጥሩምባ ድምፅ ማጉያውን አወረደው። «አንቺን ነው የኔ ልጅ» አላት በባዶ ድምፁ። «ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አንቺን መጥራት ነበረብኝ።»

ልጅቱ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ተንከባሎ ሊወድቅ ሲል ሳታየው እጇን ሰድዳ ያዘችው። ቀና አላለችም።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ስለማልችል ነው የማይጠሩኝ ብዬ ነበር።»