ለዋልካ የሚሆን ጎማ

ከወረታ የወጣሁት ጀንበር ስትጠልቅ፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ ከፎገራ ሜዳ ሲመለስ ነው። አባቴ ወናፉን ይነፋ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚቀጠቀጥ ብረት አልነበረውም። ወናፉ ዝም ካለ ጎረቤት «ምን ሆኑ?» ብሎ ብቅ ስለሚል፣ እኔ የርብን ድልድይ እስክሻገር እንዲነፋ ተነጋግረን ነው። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። አላለቀሰችም፤ ለቅሶም ይሰማላ። በጓሮ ወጥቼ፣ በጓያው ማሳ ዳር ጎንበስ ብዬ ሄድሁ። ድልድዩ ላይ ደርሼ ጆሮዬን ባቀና ወናፉ የሚሰማኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ርቀት ግን አይሰማም።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኞቹ መተማን ተሻግረው ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ የሚመጡ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ የሚጠቅም ነገር አለኝ። ሁለተኞቹ እናንተ ናችሁ፣ የወረታና የይፋግ ሰዎች። ለእናንተ የሚጠቅም ነገር የለኝም፤ ግን ስሙኝ።

አባቴ ብያድግልኝ ቀጥቃጭ ነው። እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ማረሻችሁን የሚያበጀው እሱ ነው፤ ወጣችሁን የምትሠሩበት ድስት የእሷ ነው። እኛ ቤት ገብታችሁ ግን ውኃ አትጠጡም። ልጆቻችሁን በእኛ ደጅ ስታሳልፉ ፊታቸውን በነጠላ ትሸፍናላችሁ። ቡዳ ነን፣ እናያለን፣ እንበላለን። እውነት ሰው የምንበላ ቢሆን ኖሮ እናቴ አንድ ቀን እንኳ ወፈር ባለች ነበር።

ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ብቻ እንደ ሰው ያዬኝ መስሎኝ ነበር። አስረስ ይባላል፣ የባላምባራስ ጥሩነህ ልጅ። ጎንደር ተምሮ መጣና የወባ መድኃኒት ረጪ ሆነ። ሞተር ብስክሌት ተሰጠው፤ በወረታ የመጀመሪያው ነበር። ሕዝቡን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየሰበሰበ «ወባ የምትመጣው በትንኝ ነው፤ በእርኩስ መንፈስ አይደለም፤ በዐይንም አይደለም» ሲል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ልቤ ይሞቅ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እኛ ቤት አልበላም፣ እውነት ነው። ግን አጠገቤ ቁጢጥ ይል ነበር።

ያቺ ሞተር ከነጎማዋ የመጣችው ለአስፋልት ተሠርታ ነው። ጎማዋ ልሙጥ፣ ጥርሱ እንደ አሮጊት ጥርስ ያለቀ ነው። በጋ ላይ ደኅና ሄደች። ክረምት ሲገባ የኛ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው ያዛት። ዋልካን የማያውቅ ሰው ጭቃ ነው ይላል፤ ዋልካ ጭቃ አይደለም፣ ሙጫ ነው። በጎማውና ከበላዩ ባለው የጭቃ መከለያ፣ በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሰውዬው ይወርዳል፣ በእንጨት ይጭራል፣ ሃያ ክንድ ሄዶ እንደገና። አስረስ ጎንደር ሄዶ ሁለት ዓይነት ጎማ ይዞ መጣ፤ አንዱ ጥርሱ እንደ ጡብ የተራራቀ፣ ሌላው በርዝመቱ ብቻ መስመር የተሠመረበት። ተጨቃጨቅን። እኔ «ሁለቱም እግሮቿ ባለጥርስ ይሁኑ» እላለሁ፤ እሱ «ባለመስመሩ ቀጥ አድርጎ ይሄዳል» ይላል። ሁለታችንም ተራ በተራ ወደቅን፤ መጀመሪያ እሱ ባለመስመሩን ለሁለቱም አስገብቶ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ እኔ ባለጥርሱን ለሁለቱም አስገብቼ፣ ጭቃው ባለቀበት ጠጠር ላይ መሪው አልታዘዝ ብሎኝ ሾህ ላይ ተዘረጋሁ። ስንስቅ አንድ ቀን አለፈ። በመጨረሻ ባለጥርሱን ከኋላ፣ ባለመስመሩን ከፊት አደረግን። የፊቱን ፓራፋንጎ ከፍ አድርጌ አሰርሁት። አባቴ ከመኪና ባሌስትራ ስባሪ የጎማ መፈልቀቂያ ቀጠቀጠልን። ከዚያ ወዲያ አስረስ ክረምቱንም ሞተሩ ላይ ሆኖ ዘለቀው፤ እናንተም ታዩት ነበር።

እኔን ግን እንዴት ታዩኝ እንደነበር አላወቅሁም። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ የሞተሯን ሰንሰለት፣ ካቴናዋን፣ በላምባ አጥቤ በመለስሁለት ማግስት፣ አስረስ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ጥቅምት ነው፤ ውኃው በየቦታው ተኝቷል፤ ትንኙ እንደ ዳመና ነው። ባዳም ያውቀዋል። እናንተ ግን «ያ ጠይብ ሞተሩን ሲያይ ዐይኑ ይቃጠል ነበር» አላችሁ።

የባላምባራስ ሰዎች ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። ቤቱ በሴት ተሞልቷል። አስረስ በቁርበት ላይ ተኝቶ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ትፋበት» አሉኝ ባላምባራስ።

«ጌታዬ፣ ወባ ነው። እሱ ራሱ ነው ያስተማረን። ኪኒኑን ይስጡት።»

«ኪኒኑን ውጧል። አንተ ስላልለቀቅኸው ነው ያልሠራለት። ትፋ!»

«ከተፋሁማ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ካልተፋህም አንተ ነህ» አሉ። ጠመንጃው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁላችንም አየነው።

ወደ አስረስ ጎንበስ አልሁ። ዐይኑን ገለጠ፣ አወቀኝ።

«አስረስ፣ እኔ ነኝ ወይ?» አልሁት።

«አይደለህም» አለኝ። ቀና ልል ስል እጄን ያዘኝ። «ግን ለማንኛውም ትፋብኝ።»

ባላምባራስ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ለማንኛውም አለኝ፤ ስለ ትንኝ ያስተማረ ሰው። አፌ ደርቆ ምራቅ አልነበረኝም፤ እንትፍ፣ እንትፍ አልሁ። ሴቶቹ «ተመስገን፣ ለቀቀው» አሉ። እዚያው ቆሜ ገባኝ፤ ቢሞት ገዳይ ነኝ፣ ቢድን ቡዳ ነኝ። ወደ ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርሁት። «እንግዲህ ሂድ» ብቻ አለኝና ወናፉን አነሣ።

በይፋግ አልፌ፣ ጣራ ገዳምን በስተቀኝ ትቼ፣ ከአዲስ ዘመን በጭነት መኪና ጎንደር ገባሁ። ከጎንደር መተማ በእግር ነው፤ ቆላው መድረቅ ጀምሮ ነበር። መንገዱን ስለምታውቁት አልዘረዝርም፤ ጥም ነው፣ ከዚያ እንቅፋት ነው፣ ከዚያ እንደገና ጥም።

ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ አንድ የሱዳን ሹም ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። አስተርጓሚው ጎንደሬ ነው።

«ስም?»

«ላቀው።»

«የአባት?»

«ብያድግልኝ።»

ሹሙ ሊደግመው ሞከረ፤ ምላሱ እንደ ፎገራ በሬ ማጥ ውስጥ ገባ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተናደደ። «ለመሆኑ የአባቱ ሥራ ምንድን ነው?» አለ።

አስተርጓሚው «ሐዳድ» አለው፤ በዐረብኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው።

ሹሙ ፊቱ በራ። «ሐዳድ! አክስቴን ያገባትም ሐዳድ ነው! የተከበሩ ቤተሰቦች ናቸው!» ብሎ ስሜን ላቀው ሐዳድ ብሎ ጻፈ። እኔ ላስረዳ ስል አስተርጓሚው በአማርኛ «ዝም በል አንተ፤ አንዴ ጨዋ ሆነሃል፣ አታበላሸው» አለኝ።

ገዳሪፍ የደረስሁት በሙቀቱ ነው። ሙቀቱ እንደኛ ቆላ ሙቀት አይደለም፤ ምጣድ ክዳን ሥር እንደ መቀመጥ ነው። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ሳስቶ ሳስቶ ማዶው ይታያል፤ ዐይንም የለው። ወጡን ወይካ ይሉታል፤ ይዝለገለጋል እንጂ አይቆረጥም። ሰዉ ሰላምታው ረዥም ነው፤ «ከይፈክ» ብሎ ጀምሮ የበግህን ጤና ሳይጠይቅ አይለቅህም፤ ሥራ ስትለምነው ግን «ሀበሻ ሌባ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሳል። ኡስታ ባቢከር የሚባል፣ ሞተርና ብስክሌት የሚጠግን ሰው «ቁጭ በል፣ አትንካ» ብሎ ደጁ ላይ አስቀመጠኝ። የጎማው ውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪው ሲነፋ እያየሁ፣ የበረሃ ሾህ የወጋውን ሁሉ እየቆጠርሁ በጋው አለቀ።

ከዚያ ዘነበ። ወንድሞቼ፣ የገዳሪፍ አፈር ዋልካ ነው! ያው ጥቁሩ፣ ያው ሙጫው፣ ሽታው ሳይቀር የፎገራ። ቁጢጥ ብዬ በእጄ ዘገንሁትና አለቀስሁ፤ ባቢከር ያበድሁ መስሎት ውኃ አፈሰሰብኝ። በማግስቱ የከተማው ሞተር ሁሉ ተይዞ እየተጎተተ መጣ። ያን ቀን ነው «እሺ፣ ንካ» ያለኝ።

እንግዲህ የምትመጡ ልጆች፣ ይህን ያዙ። ለዋልካ ባለጥርስ ጎማ ከኋላ ይሁን፤ ጥርሱ የተራራቀ ሲሆን ጭቃውን ራሱ ይተፋዋል፣ የተቀራረበ ከሆነ ግን ይጎርሰዋል። ከፊት ባለመስመር ይበቃል። ነፋሱን ትንሽ ቀንሱለት፣ ግን አታብዙ፤ ነፋሱ ካነሰ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የከመነዳሪውን መንፊያ ይነቅለዋል። መንፊያው ከተጋደመ ሳይቆረጥ ፈታችሁ አስተካክሉት። አዲስ ከመነዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ዳብሱ፤ የድሮው ሾህ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ከመነዳሪውን ትንሽ ነፍታችሁ አስገቡት፤ እንዲያ ካልሆነ መፈልቀቂያው ይነክሰዋል። ካቴና በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ጥቂት ነው፤ ዘይት ካበዛችሁ አቧራ ታቦካላችሁ። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ከጠቆረ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት። ደንበኛ «ልሙጡን አድርግልኝ፣ ያምራል» ቢላችሁ አድርጉለት፤ ነገ ይመለሳል።

ቤት ደግሞ ከሀበሻ ተከራዩ ይላሉ። አትከራዩ። እኔ ከደብረ ታቦር ሴት ከወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ ክፍል ጠየቅሁ።

«ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከጎንደር።»

«ጎንደር ሰፊ ነው።»

«ከፎገራ።»

«ፎገራም ሰፊ ነው።»

«ከወረታ። እማማ፣ ክፍሉ ያፈሳል ወይ?»

«ማፍሰሱ ይቆይ። አባትህ ምን ያርሳሉ?»

«ጓያ» አልሁ። አባቴ የሚያርስበት መሬት ሰጥታችሁት ታውቁ ይመስል።

ክፍሉ ያፈስ ነበር፤ ግን እሑድ እሑድ ሽሮ ይሠራ ነበር፣ በአማርኛ ይሳቅ ነበር። ሁለተኛው ክረምት እስኪገባ ሰው ሆኜ ኖርሁ። ከዚያ ከይፋግ አያ ሙጨ የሚባሉ የከብት ነጋዴ መጡና ከወይዘሮ ትርንጎ ቤት አረፉ። ገና በር ላይ ሲያዩኝ «የብያድግልኝ ልጅ አይደለህም?» አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

«የትኛው ብያድግልኝ?»

«ቀጥቃጩ ነዋ።»

አልጋዬን ከነፍራሹ ደጅ አወጣችው። «ከልጆቼ ጋር አብልቼህ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። የበላሁበትን ሳህን ሰበረችው። ሸክላ ነበር፤ ሸክላ ሲሰበር እናቴ ትዝ ትለኛለች።

አያ ሙጨ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መንገድ ላይ ተከትለውኝ መጡ።

«ልጄ፣ አላወቅሁም፤ አፌ ነው» አሉኝ።

«አስረስ ሞተ?» አልኋቸው።

«ኧረ ድኗል! ደኅና ነው፣ አግብቷል። ላቀው ባይተፋብኝ ሞቼ ነበር ይላል። ይመሰግንሃል።»

«ትንኙስ?»

«ስለ ትንኝም ያስተምራል። ግን ኪኒኑ እንቢ ያለው ሰው ሲኖር ወደ አባትህ ይልኩታል። አባትህ ይተፋሉ።»

ሽማግሌውን ከብረቱ ላይ እያነሣችሁ በየበሽተኛው ቤት ታዞሩታላችሁ ማለት ነው። በአያ ሙጨ በኩል ላክሁበት፤ «መተማ ድረስ ይምጣ፣ እኔ እወስደዋለሁ» ብዬ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባቴ በጭነት መኪና መጣ። ባቢከር ሞተር አውሶኝ እስከ መተማ ሄድሁ። አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ አንሷል። ጉልበቱን ሳምሁት። ተነሥቶ ሞተሩን ዞረው፤ የኋላውን ጎማ ጥርስ በአውራ ጣቱ ተጫነውና «ደኅና ነው» አለ። ከመኪና ጎማ የቆረጥሁለትን በረባሶ ሰጠሁት። ብብቱ ሥር አደረገው።

«አባዬ፣ እንሻገር። እዚያ ቀጥቃጭ ስድብ አይደለም።»

«እናትህስ?»

«እሷንም እናመጣታለን።»

«እኔ ከሄድሁ፣ ቡዳው ከነልጁ ሸሸ ይላሉ። የእህትህን ልጆች ማን በሰላም ያኖራቸዋል?» አለኝ። ቀጥሎም «ደግሞ ማረሻቸው» አለ።

«ማረሻቸው ገደል ይግባ!» ብዬ ጮኽሁ። አጠገባችን ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን። አባቴ በእጁ ዝቅ በል አለኝ።

«የታመመውን ሲያመጡብህ ምን ታደርጋለህ?»

«እተፋለሁ። አንዳንዱ ይድናል።»

«ያልዳነ ዕለትስ?»

የመጣበት መኪና ሾፌር ጡሩምባ ነፋ። ጭነቱ ላይ እንዲወጣ ደገፍሁት፤ ክብደቱ ምንም አልነበረም። መኪናው ሄደ።

አሁን የራሴ ሱቅ አለኝ፤ ባቢከር ሲያረጅ ለቀቀልኝ። ከጎንደር በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ በእኔ ደጅ ያልፋል፤ ጎማውን እየፈታሁ ስለ ወረታ እጠይቀዋለሁ። ዝናብ እንዴት ነበር? ርብ ሞልቷል ወይ? ወባው እንዴት ነው? ማን ታመመ፣ ማን ዳነ? ሰዉ ደግ ልጅ ነው፣ አገሩን አልረሳም ይለኛል። ጥቅምት በገባ ቁጥር ቆሜ ስለ ጤናችሁ እጸልያለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ፣ ለባላምባራስም ሳይቀር። ስለምወዳችሁ አይደለም፤ ያልዳነ ዕለት የሚጠየቀው አባቴ ነው።