ድስቴ ላይ የተጫረው ዘጠና ሁለት

ባሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «አቶ ለምን» ነው የሚሉት። አምፖል ተቃጠለ ብሎ መኪና የሚያመጣ ሰው አምፖሉ ተቀይሮለት አይሄድም፤ መጀመሪያ ለምን እንደተቃጠለ መታወቅ አለበት። ባለመኪናው ሰዓቱን ያያል፣ የእኔው ሰውዬ ሽቦ ተከትሎ መኪናው ሥር ይገባል። ይህን ጠባዩን ላስተወው ብዬ ሃያ አንድ ዓመት ለፍቼ ለፍቼ፣ በመጨረሻ እኔው ተውኩት። አሁን የምጠነቀቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብረታ ብረቱን ይዞ ወጥ ቤት ሲገባ የማልፈልገውን ድስት ቀድሜ አቀብለዋለሁ።

ያን ማክሰኞ ግን ቀደመኝ። ልብስ አስጥቼ ስገባ ባቄላ የምቀቅልበት ትልቁ ድስቴ ተጥዷል። ውስጡ በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ብሎን የሚመስል የነሐስ ዕቃ ይንተከተካል። ታላቅ ወንድሜ እጁን አጣጥፎ አጠገቡ ቆሟል።

«ደግሞ ምን ልትቀቅሉ ነው?» አልኩ።

«የእኔን ዕድል» አለ ወንድሜ።

ወንድሜ ሚኒባስ ይነዳል። ያቺ ሚኒባስ ውሃ ትጨርስ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ብርጭቆ ያህል ይጎድልባታል። የሙቀት መለኪያዋም ከሞተ ቆይቷል። የጋራዡ ባለቤት ገና ሲያያት «ሞተሯ እየጋለ ነው፣ ቴስታታው ይከፈት» አለ። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው፤ እሱ ከተከፈተ መኪናዋ ቢያንስ አንድ ወር ትቆማለች። ወር የቆመ መኪና ደግሞ መስመሩ ላይ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ወንድሜ ያንን ተራ ለማግኘት አራት ዓመት ጠብቋል።

ባሌ «ሳይለካ አይከፈትም» ብሎ ድርቅ አለ። ሳሙና የምታክል ሳጥን ሠርቷል፤ የሞተሩን ውሃ ሙቀት በየሰከንዱ ሜሞሪ ካርድ ላይ የምትጽፍ። ችግሩ፣ ሙቀቱን የሚያዳምጠው ያ የነሐስ ዕቃ ዲግሪ አያውቅም። ሲሞቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያግዳል፣ ሌላ ቋንቋ የለውም። ስለዚህ ሁለት የታወቁ ቦታዎች ሊያሳዩት ይገባል። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ሆኖ የሰጠውን ቁጥር ዜሮ ይሉታል፤ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሰጠውን መቶ። መሃሉን ላፕቶፑ ያሰላዋል። ይህን የሚያዝ ወረቀት ከዕቃው ጋር መጥቷል፤ ባሌ እንደ ጸሎት መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልሎ ይይዘዋል።

ረቡዕ ሚኒባሷ ሳጥኑ ተገጥሞላት፣ ሰው ሞልታ ትልቁን ዳገት ወጣች። ካርዱ ሲታይ፣ ዳገቱ አናት ላይ መቶ አራት ይላል።

«ይኸው!» አለ የጋራዡ ባለቤት። «የራስህ ሳጥን ፈረደ። መቶ ካለፈ አለቀ። ሰኞ ይከፈታል።»

ወንድሜ እኛ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። ባሌ በበኩሉ ግድግዳውን እያየ ያጉረመርማል። «መቶ አራት ከሆነ ሞተሩ ለምን አልተንገጫገጨም? ዘይቱ ውሃ ሳይቀላቀልበት ለምን ንጹሕ ሆነ?»

«አቶ ለምን፣ እባክህ ዛሬ እንኳን ዝም በል» አለው ወንድሜ።

ሐሙስ ድስቴን አስመልሼ ባቄላዬን ጣድኩ። እኩለ ቀን ላይ ባሌ መጥቶ ክዳኑን ከፈተ።

«ይሄ ባቄላ እስካሁን?»

«እዚህ አገር ባቄላ መቼ በወጉ በስሎ ያውቃል?» አልኩት። «እናቴ ቤት፣ ቆላ ሳለን፣ ጥደነው ውሃ ቀድተን ስንመለስ ደርሶ ይጠብቀናል። እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

«እሳቱ አንሶት ነው?»

«እሳት ምን ይሠራለታል? ብትጨምርበት ውሃው ይጎድላል እንጂ ባቄላው ንቅንቅ አይልም። የደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ማብሰል ግን አያውቅበትም።»

ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። እንፋሎቱ ፊቱን ሲያለብሰው እንኳን አልሸሸም።

«ቶሎ ይፈላል… ሳይሞቅ?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ እኔን መቼ ጠየቅከኝ?»

የትኩሳት መለኪያችንን ከመሳቢያ ይዞ ሲሮጥ ቀማሁት። «አርባ ሁለት ላይ የሚያበቃ ነገር! ልታፈነዳው ነው?» እሱ ወደ ጋራዥ መመለስ ነበረበት። ስለዚህ መለኪያ ፍለጋ ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። የሳይንስ አስተማሪው ወጣት ነው። ሰማኝ፣ ሰማኝና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ስንተኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት?»

«ባቄላ ነው የምቀቅለው» አልኩት።

ሳቀ፤ ረጅሙን የመስተዋት ቴርሞሜትር በጥጥ ጠቅልሎ አስፈርሞ ሰጠኝ።

አርብ ጠዋት ሦስታችንም ድስቱን ከበብን። መስተዋቱን የያዝኩት የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ቀዩ መስመር ሰማንያን አለፈ፣ ዘጠናን አለፈ፣ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ።

«እሳት ጨምሪ!» አለ ባሌ።

ጨመርኩ። ውሃው እስከ ምድጃው ተረጨ፣ መስመሩ ዘጠና ሁለት ላይ ቁጭ አለ።

«ስለዚህ ዘጠና ሁለቱን ነው መቶ ስንለው የከረምነው» አለ ባሌ። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አስተካከለ። የረቡዕ መቶ አራት፣ ዘጠና ስድስት ሆነ።

ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም። «ቆይ፣ ውሃ በዘጠና ሁለት የሚፈላ ከሆነ የእኔው በዘጠና ስድስት ለምን አልፈላም?»

«አየህ» አለ ባሌ ፊቱ እየበራ፣ «አንተም ጀመረህ! ራዲያተሩ ክዳኑ ጥብቅ ነው። ታፍኖ የሚሞቅ ውሃ ቶሎ አይፈላም።»

ጋራዥ ሲወሰድለት የጋራዡ ባለቤት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየ፣ አገጩን አከከ። «እሺ፣ አልጋለም እንበል። ውሃው ታዲያ ወዴት ይሄዳል?»

ይህን ጥያቄ ለባሌ መስጠት ለተራበ ምሳ ማቅረብ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪናው ሥር ተኝቶ፣ ከኋላ በኩል በታችኛው የራዲያተር ውሃ ቱቦ ላይ የላላ ማሰሪያ አገኘ። ሞተሩ ሲሞቅ ጠብታው እየተነነ ስለሚጠፋ መሬት ላይ ታይቶ አያውቅም። በመፍቻ ሦስት ዙር አጠበቀው።

አስተማሪው መስተዋቱን ተረከበኝ፤ ስንት እንዳለ ጠይቆኝ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ባሌ ደግሞ እንዳይረሳ ብሎ ድስቴ ጎን ላይ በምስማር ዘጠና ሁለት ብሎ ጫረበት። ሌላ ድስት የለም ወይ ብዬ ተቆጣሁ፤ እሱ ግን የሰማኝም አይመስል።

ሰኞ ጠዋት ባቄላ ጥጄ በር ላይ ቆምኩ። ሚኒባሷ ሰው ጢም ብላ፣ በራሷ ተራ፣ ወደ ዳገቱ ስታልፍ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋልኝ። ደርሶ መልስ አራት ጊዜ ሲያልፍ ቆጠርኩ። ባቄላው ገና አልበሰለም ነበር።