ነርስነቱን ትቼ የንግግር ሕክምናን የመረጥኩበት ዓመት

ሮተርዳም ውስጥ፣ እዚህ ኤምቤኦ በሚሉት የሙያ ኮሌጅ፣ የእንክብካቤ ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ ቀጣዩ ነገር ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተሻግሬ ነርስ እሆናለሁ። እናቴ ገና ሳልመዘገብ በእሑድ ጉባኤያችን ላይ ለጠየቃት ሁሉ «ነርስ ልትሆን ነው» ትል ነበር። እኔም አልተቃወምኩም። ከአዲስ አበባ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ መጥታ ሆላንድኛን ከፊደሉ ለጀመረች ልጅ ነርስነት ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጨረሻውን የተግባር ልምምድ የሠራሁት ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ በምትባል ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ከማለብሳቸው ሰዎች አንዱ ኤርትራዊ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረዋል፤ ኋላም ጡረታ እስኪወጡ ሮተርዳም ወደብ ላይ ሠርተዋል። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና ንግግራቸውን ወስዶባቸው ነበር። ሠራተኞቹ ሲያስተዋውቁኝ «አይናገሩም» አሉኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዛቸውን እያለበስኳቸው «እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አልኳቸው። መልስ ጠብቄ አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ።

«እግ… እግዜር ይመስገን» አሉ።

ይህንን በየሳምንቱ ለምትመጣው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነገርኳት። እሷ በሆላንድኛ ሥዕል እያሳየች ስትጠይቃቸው ወደ መስኮቱ ይዞሩ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ አጠገቧ አስቀመጠችኝና የጃንጥላ ሥዕል አወጣች። መጀመሪያ እሷ በሆላንድኛ ጠየቀቻቸው፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቀጥዬ እኔ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጃን… ጃንጥላ።»

«ልክ ናቸው?» አለችኝ።

«ልክ ናቸው።»

«ቃላቱ አሉ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኛ ነን በጠፋባቸው ቋንቋ ስንጠይቃቸው የከረምነው።»

ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር ትጠራኝ ጀመር። ከአማርኛው ኋላ ትግርኛቸውም ብቅ ብቅ አለ። እዚህ ያደገው ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ እጃቸውን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከበሩ ሲገባ «ንዓ ወደይ» አሉት፤ ና ልጄ ማለታቸው ነው። ያ ትልቅ ሰው ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ አቀፋቸው። እኔ ይህን ሙያ ልማር ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ለእናቴ እራት ላይ ነገርኳት። ዴልፍስሃቨን ሰፈር ካለው ቤታችን እየተነሳች ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ ነርሶቹን በየቀኑ ታያለች፣ ታከብራቸዋለች።

«ሰው ንግግር ልታስተምሪ?» አለችኝ። «በዚህ ሆላንድኛሽ?»

ማሾፏ አልነበረም፤ ፈርታልኝ ነው። የትምህርት ቤቱ አማካሪም ያንኑ በጨዋ ቃል አለሳልሶ ነገረኝ። መግቢያው ላይ የድምፅና የአነጋገር ፈተና አለ፤ አነጋገሬ ደግሞ የውጭ ሰው መሆኔን ይናገራል፤ ነርስነት ይሻለኛል። አመስግኜው ወጣሁና ለንግግር ሕክምናው ተመዘገብኩ።

 ለፈተናው ጋዜጣ ጮክ ብዬ ማንበብ ስጀምር እናቴ ከሥራ መልስ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ታዳምጠኝ ጀመር። ሆላንድኛዋ ጥቂት ነው፤ ጆሮዋ ግን አይምርም። «እዚህ ጋ ቃሉን ዋጥሽው» ትለኛለች። «እዚህ ጋ ደግሞ ትንፋሽ አጠረሽ።» ሆላንዶች በቋንቋቸው ቤት ሲሉ ከአፋቸው የሚወጣው ድምፅ እኛ ቋንቋ ውስጥ የለም። እሱን ሁለታችን ከንፈራችንን አሹለን ስንለማመድ፣ ተያይተን ሳቅ ይገድለን ነበር።

በፈተናው ቀን ሁለት ፈታኞች ፊት አነበብኩ። ድምፄ አልከዳኝም። አንደኛዋ «ከሌላ አገር መምጣትሽ ይሰማል» አለችኝ። «ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ?»

ስለ አዛውንቱ ነገርኳቸው። አለፍኩ።

ውጤቱን ስሰማ መጀመሪያ የሄድኩት ካፔለ ነው። አዛውንቱ ሰምተውኝ በደህናው እጃቸው ክንዴን ያዙና ብዙ ፈልገው «ጎ… በዝ» አሉኝ። ከማንም ያገኘሁት ሙገሳ የዚያን ያህል ልቤን አልነካውም።

በተከታዩ እሑድ ከጉባኤው ስንወጣ አንዲት እናት «የነርስነቱ ነገር ተሳካላት?» ብለው እናቴን ጠየቋት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ነርስ አይደለችም» አለች። «አንደበቱ የተያዘበትን ሰው አፉን የሚያስፈታ ትምህርት ነው የምትማረው። ተፈትና ነው የገባችው።»

«እንዲህ ያለ ትምህርት አለ እንዴ?»

«አለ» አለች እናቴ፤ ሁልጊዜ ታውቀው እንደነበረ ሁሉ። «አይቻልም ብለዋት ነበር።»

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ያገኘሁት ዘ ሄግ፣ አንድ የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ነው። የቱርክም፣ የሞሮኮም፣ የሱሪናምም አዛውንቶች ይመጡልኛል። ባልደረቦቼ የሕመም ታሪካቸውን ሲያነቡ እኔ ቤተሰቡን ጠጋ ብዬ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር እጠይቃለሁ።