ከሁለት እስከ አስር ሰዓት

ናይሮቢ ሁለት ዓመት ስኖር የሚታይ ነገር ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት አጥንት ነው። የተቀቀለ፣ የተፈጨ፣ የተቃጠለ፣ የተመዘነ የከብት አጥንት። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። አጥንት ብዙ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ጥቁር ከሰል ይሆናል። ውሃ በዚያ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን እዚያው ትቶ ይወጣል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የእኔ ድርሻ ጥሩ ከሰል የሚወጣበትን ሙቀትና ጊዜ አጥንቶ መጻፍ ነበር።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ረዘም ያለ ማብራሪያ ነበረኝ። እውነቱ አጭር ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው። ያደግሁበት ከተማ የጉድጓድ ውሃ የሁላችንንም ጥርስ እንዲሁ አድርጎታል፤ እዚያ ሳለሁ ጥርስ ሁሉ እንደዚህ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንዲት ልጅ "ትንባሆ ታኝኪያለሽ እንዴ?" ብላ ከጠየቀችኝ ቀን ጀምሮ ግን ስስቅ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ተማሪውም አስተማሪውም "ምዜ" ነው የሚላቸው፤ አባባ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ቁልፍ ሲሰጡኝ ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸው ቁርጥ የእኔን። በናኩሩ በኩል ነው የተወለዱት፣ እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ። መጀመሪያ ወደ ጥርሳቸው፣ ቀጥሎ ወደ ጥርሴ ጠቆሙና "ቢንቲ፣ አንቺ የእኛ አገር ሰው ነሽ" አሉኝ። ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳቸው።

በሌላም ነገር እንግባባለን፤ በሰዓት። ስዋሂሊ እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሳ ንኔ ካሉኝ ጠዋት አራት ሰዓት ነው፣ ሳ ኩሚ ካሉኝ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት። ከፈረንጅ ሰዓት ስድስት መደመርና መቀነስ ሰልችቶኝ ስለነበር፣ ከእሳቸው ጋር ስቀጣጠር አገሬ የገባሁ ያህል ይቀለኝ ነበር። የላብራቶሪ ደብተሬንም የግሌ ነው ብዬ በእኛው ሰዓት ነበር የምሞላው።

አጥንቱን የማገኘው ዌስትላንድስ ካለ አንድ ኛማ ቾማ ቤት ነው። የሚጠበሰውን ሥጋ ሲመትሩ የሚተርፈውን ጥሬ አጥንት በጆንያ ያስቀምጡልኛል። በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲያቸው፣ ይዤው ስሄድ ረዳቱ ጆንያውን አሽትቶ "ሲስተር፣ ማን ሞቶብሽ ነው?" ይለኛል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አፌን ይዤ እስቃለሁ። የማርፈው ላቪንግተን ሰፈር አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ቤቷ ንጹሕ፣ ጾሟ ጥብቅ። ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን ኩሽናዋ ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት አጥንት ሲንተከተክ አገኘች።

"አንቺ ልጅ! በሁዳዴ?"

"አክስቴ፣ እኔ እኮ አልበላውም። ላቃጥለው ነው።"

"ይባስ ብሎ!" አለችና መስኮቱን ሁሉ ከፋፈተች። ድስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጓሮ ተባረረ። ሆኖም በየማታው እየወጣች "በስሏል መሰለኝ፣ ነይ እዪው" ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አጥንቱን ክዳን ባለው የሸክላ ዕቃ አድርጌ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ፤ አስር ሰዓት ላይ አወጣዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ። ለምን ስምንት? ላብራቶሪው የሚከፈተውና ሰው የሚበተነው በዚያ መካከል ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አማካሪዬ "ጊዜውን ለምን አትለዋውጪም?" ሲሉኝ "በኋላ" አልኩ። ሙቀቱን ቀያየርኩ፣ የአጥንቱን ልክ ቀያየርኩ፤ የሚወጣልኝ ግን ሁሌም አመድ የመሰለ ነጫጭ ነገር ነበር። ውሃው በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱ ብዙም አይቀንስም። ምዜ ዕቃውን ስከፍት ቆመው ያዩና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ። አዘኑልኝ ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ቀን የተማሪ መኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ወደ መሃል ከተማ መሄድ ነበረብኝ። ሁለት ሰዓት ላይ አጥንቱን ከተትኩና ለምዜ "በተለመደው ሰዓት ያውጡልኝ" ብዬ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ላይ ዋልኩ። በማግስቱ ስመለስ ምዜ የዓመት ዕረፍታቸውን ይዘው አገራቸው ሄደዋል። ደብተሬ ላይ ግን በዚያ ጥንቅቅ ባለ ጽሑፋቸው "ወጣ፣ 10:00" ብለው ጽፈዋል። ዕቃውን ስከፍተው ጥቁር ነው፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር። ውሃ አሳለፍኩበት፣ ለካሁ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ እንደገና ለካሁ። ፍሎራይዱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ብቻዬን ላብራቶሪ ውስጥ እልል አልኩ።

አማካሪዬ ቁጥሩን አይተው አልጨፈሩም። "ጥሩ ነው። ድገሚው" አሉ፤ "አንዴ ብቻ የታየ ውጤት ውጤት አይባልም። ሦስት ጊዜ ካልመጣ ፈታኞቹ ፊት አላቀርበውም።" የመመረቂያ ፈተናዬ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የትምህርት ፈቃድም በዚያው ያልቃል። ዲግሪውን ሳልይዝ ከተመለስኩ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት በደብዳቤ አሳውቀውኛል።

ደገምኩት። ከሁለት እስከ አስር ሰዓት፣ በዚያው ሙቀት፣ ከዚያው ጆንያ። ነጭ ወጣ። እንደገና ነጭ። ምድጃውን ሰደብኩት። ኛማ ቾማ ቤት ድረስ ሄጄ "የዚያን ሳምንት ከብት ከየት ነው ያመጣችሁት?" ብዬ ሰዎቹን አስቸገርኩ። በአራተኛው ነጭ ቀን ላቪንግተን ገብቼ ያለቀስኩት ለቅሶ ዛሬም ያሳፍረኛል። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጸጉሬን እየዳበሰች "አመድም ቢሆን ጻፊው፤ ዋሽተሽ አትጻፊ እንጂ" አለችኝ። አመድ ጽፎ የተመረቀ ሰው እንደማላውቅ ነገርኳት።

ምዜ በወሩ ተመለሱ። ደህና ዋሉ እንኳ በቅጡ ሳልል ደብተሩን ገልጬ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩት።

"በዚህ ቀን ምን አደረጉ? ሳ ኩሚ ላይ ነው ያወጡት፣ አይደል?"

"ሳ ኩሚ? አይ፣ ቢንቲ፣ ሳ ንኔ ነው ያወጣሁት። መብራት ጠፋኮ።"

"እዚህ አስር ብለው ጽፈዋል!"

"አዎ። ቴን ኦክሎክ። ሳ ንኔ።"

ደብተሩን እንደገና አየሁት። ምዜ አፋቸው በስዋሂሊ ይቁጠር እንጂ፣ እጃቸው የሚጽፈው ትምህርት ቤት እንዳስተማራቸው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አስር ብለው የጻፉት የእኛን ጠዋት አራት ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ የራሴን አስር ሰዓት ስጠብቅ አስር አገኘሁና አልጠረጠርኩም። ያ ጥቁር ከሰል ምድጃ ውስጥ የቆየው ስምንት ሰዓት ሳይሆን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ስናወራ አንድም ቀን ስላልተሳሳትን፣ በወረቀት ልንሳሳት እንደምንችል ለሁለታችንም አልታየንም።

"መብራቱ ጠፋ፣" አሉ ምዜ፣ "ዕቃውን በመቆንጠጫ አውጥቼ እዚያ የእሳት ማጥፊያ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀበርኩት፤ ሲበርድ ነው ጠረጴዛሽ ላይ ያስቀመጥኩልሽ።" እንዴት እንደቀበሩት በእጃቸው አሳዩኝ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ቸኩያለኋ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ብቻ አቃጥለን አሸዋ ውስጥ ቀበርነው። ጥቁር! ስለካ ምዜ ናቸው ብልቃጡን የያዙልኝ። ሁለተኛው ሙከራ ሊበላሽ የነበረው በመከባበር ነው። እኔ ለእሳቸው ብዬ የከተትኩበትን በፈረንጅ ሰዓት ጻፍኩ፤ እሳቸው ደግሞ ለእኔ ብለው ያወጡበትን በእኛ ሰዓት ጻፉ። ደብተሩ ላይ አጥንቱ ስምንት ሰዓት ላይ ገብቶ አራት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ይህን ሳይ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እሳቸውም ይሸፍናሉ።

ሦስተኛውም ጥቁር ወጣ። አማካሪዬ ፈረሙ።

ጽሑፌ ውስጥ "የማቃጠያ ጊዜው በቅድመ ሙከራ ሁለት ሰዓት እንዲሆን ተመርጧል" ብዬ አስገባሁ። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚዋሽ አይመስልም። የፈተናው ቀን አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ምዜ ሱፍ ለብሰው መጥተው መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከሌላ ተቋም የመጡት ፈታኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት፣ ጽሑፌን እያገላበጡ ቆዩና "ለምን ሁለት ሰዓት?" አሉኝ።

መልስ አጥንቼ ነበር። ሆኖም ያ ሱፍ ከኋላ ታየኝ፤ የአክስቴም ነገር ትዝ አለኝ። ዲግሪውን ይዤ ልወጣ ወይም ባዶ እጄን ልቀር የምችልባት ደቂቃ ናት።

"አልመረጥኩትም" አልኩ። "መብራት ጠፍቶ ነው። ያወጡትም እኔ ሳልሆን እዚያ የተቀመጡት ሰው ናቸው። ጽሑፌ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ልክ አይደለም፤ አስተካክለዋለሁ።" የደብተሩን ታሪክም ነገርኳቸው። አማካሪዬ ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ።

ፈታኟ መነጽራቸውን አወረዱና ወደ ኋላ አዩ። "እና እርስዎ፣ ለምን አወጡት? ምድጃው ውስጥ ሊተዉት ይችሉ ነበር።"

ምዜ ተነሡ። "አባቴ ከሰል አክሳይ ነበር" አሉ። "ከሰል እሳት ላይ ብዙ ከቆየና አየር ከገባው አመድ ይሆናል። ሲወጣ ደግሞ ካልተቀበረ ይነዳል። አጥንትም ያው ነው ብዬ ነው።"

"ስምንት ሰዓቱ እንደሚበዛ ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም?"

ምዜ ወደ እኔ አዩ። ቂም የለባቸውም፤ ትንሽ አፍረዋል እንጂ። "አልጠየቀችኝም" አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ተቀብያቸዋለሁ፣ ሰላም ብያቸዋለሁ፣ ጥርሳቸውን እንደ ወገኔ ጥርስ ወድጄዋለሁ። ራሳቸውን በነቀነቁ ቁጥር "ምን ታየዎት?" ብል ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ፈታኟ አንድ ነገር ጻፉ፤ ወጥተን እንድንጠብቅ ተነገረን።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "እርስዎ ሲያውቁት እኔ አመድ ስቆጥር ከረምኩ።" ተናግሬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና አማካሪዬ ብቅ አሉ። "አልፈሻል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን እንደነገርሽን አድርገሽ ትጽፊያታለሽ፤ በስማቸው።"

ምዜ ስማቸው መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገባ ሲገባቸው ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነበር። ሁለቱም እጆቻቸው ታች ነበሩ፣ ቡናማው ጥርሳቸው እስከ መንጋጋው ይታያል። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ የእኔ እጅ የት እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የእሳቸውን ክንድ ይዞ ነበር።