የሰርጌን ሥዕል የከለከለው ሳጥን

ባለፈው እሑድ ልጄ ከደብረ ማርቆስ ገዝታ ያመጣችውን አዲስ ማጫወቻ ከአሮጌው ቴሌቪዥናችን ጋር ስታገናኘው ድምፁ መጣ፣ ሥዕሉ ቀረ። በቴሌቪዥኑ ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተገተረ። እሷ ስትበሳጭ እኔ ሳቅሁ። እኔ ስስቅ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ልማዴ አይደለም።

ያ ጽሑፍ የድሮ ባላጋራዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው አማርኛውም እንግሊዝኛውም ለእኔ እኩል የዝንብ ኩስ ነበር።

የሺወርቅን ያገባሁት በጥር ነው። እኔ ከይጁቤ ወጣ ካለች መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ፤ አባቷ ቄስ ሞላ የከተማው ሰው ነበሩ። ሁለቱ ቤተ ዘመድ አንድ ማዕድ የሚቆርስበት ቅልቅል በእኛ ቤት ተደገሰ። ከዚያ ለምላሽ ሙሽሪትን ይዘን እሳቸው ቤት ሄድን፤ በላን፣ ጠጣን። ልንነሳ ስንል ቄሱ "ልጄ አትሄድም" አሉ። በቅልቅሉ ዕለት ካህናቱን በር ሥር ነፋስ ላይ አስቀምጣችኋል፣ ሥጋውም ጅማት ነበር ነው ነገሩ።

በእኛ አገር የሴት አባት ትንሽ ቢያኮርፍ ወግ ነው። ልጁን እንደ ትርፍ ዕቃ አስረክቦ አይገባም። ግን ኩርፊያም ልክ አለው፤ የሳቸው ሳምንት አልፎ ሳምንት ወለደ። ቅበላ ደረሰ። ሁዳዴ ከገባ እስከ ፋሲካ የሙሽራ ነገር የሚያነሳ የለም፤ እስከዚያ ድረስ አባቷ ቤት የቆየች ሙሽራ ደግሞ እዚያው ቀረች ማለት ነው። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ "ሙሽሪት ደኅና ናት?" ይለኝ ጀመር። ደኅንነቷን በምን ልወቀው?

ሽማግሌያችን አያ ደሴ መላ አመጡ። "ቅልቅሉ በቪዲዮ ተቀርጿል አይደል? ማን የት እንደተቀመጠ እንየውና ነገሩ ይለይ።"

በቅበላ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የካቲት ባደረቀው መንገድ በአቧራ ተለውሰን ቄሱ ቤት ገባን። ቤቱ የጥብስና የትኩስ ቅቤ ሽታ ሞልቶታል። የሚስቴ ወንድም ተመስገን ከዓረብ አገር ያመጣውን ዕቃ ደርድሯል፤ በየጥጉ ስፒከር፣ መሀል ላይ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኝ ጥቁር ሳጥን። ሪሲቨር ይለዋል።

ዲስኩን ሲከተው ዘፈኑ ጣራውን አናወጠው። መስኮቱ ጨለማ ነው። አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቻ።

"ምን ይላል?" አሉ አያ ደሴ።

"የተጠበቀ ነው ይላል" አለ ተመስገን።

"ከማን?"

"እንዳይሰረቅ ነው አያ። ከሌባ።"

ቄስ ሞላ ዘወር ብለው አዩኝ። "ዕቃው ሰው ያውቃል" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። በገዛ ሰርጌ ሌባ ሆንኩ።

ተመስገን ላብ በላብ ሆኖ ያስረዳል። "ሳጥኑ አዲስ ነው፣ ቴሌቪዥኑ አሮጌ። ሥዕል ከመስጠቱ በፊት ማን ነህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ በሚያውቀው መንገድ ካልመለሰለት አያምነውም። ጥበቃውን ወደ ድሮው ዓይነት ካወረድኩለት ይስማማሉ።"

"እነሱም ሽማግሌ ይፈልጋሉ በለኛ" አሉ አያ ደሴ።

እሱ የሳጥኑን ቁልፎች ሲነካካ ዘፈኑ አለቀ። የሚታይ ነገር ስለሌለ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ለካ ካሜራው የቆመው ከካህናቱ ማዕድ አጠገብ ኖሯል። መጀመሪያ የእናቴ ድምፅ መጣ፦ "ካህናቱን ወደ ውስጥ፣ ከነፋሱ አርቃችሁ አስቀምጧቸው። ጎድኑን ለቄስ ሞላ።" አብራን የመጣችው እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ቀጥሎ ጉንጩ የሞላ ሰው ድምፅ ተሰማ።

"ሥጋው እንኳ ቅቤ ነው። ጠላውም ደኅና ነው። ግን ዛሬ ካመሰገንኩ ልጄን በዋዛ የወሰዱ ይመስላቸዋል። ላኩርፍባቸው እንጂ።"

የማን ድምፅ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

"አጥፋው" አሉ ቄስ ሞላ።

ተመስገን ግን በዚያው ቅጽበት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ነበር። ሳጥኑ ቀጭ አለና መስኮቱ በራ። ቄሱ ከቤቱ ራስጌ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ጎድን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጢማቸው በስብ እያብረቀረቀ።

ራሳቸውን አዩና ወደ ሳጥኑ ዞሩ። "ፊት ሸፍኖ ምላስ የሚለቅ ዘበኛ ምን ዘበኛ ይባላል?" አሉት።

"አባ፣ ይብቃዎ፤ ልጅቱን ያስጠሯት" አሉ አያ ደሴ።

መጥራት አላስፈለገም። የሺወርቅ ጓዳ ቆማ ሁሉን ሰምታ ኖሮ ጥቅሏን እንዳንጠለጠለች ወጣች። "አባባ፣ ይመርቁን" አለች። መረቁን። እንደዚያ ኮስተር ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሥዕሉ ገና ከመነሻው መጥቶ ቢሆን ሰው ሁሉ ራሱን ሲፈልግ፣ "ያውና እኔ፣ ጋቢዬን አያችሁት?" ሲል ቄሱን የሚሰማቸው አይኖርም ነበር። ሰው ራሱን እያየ ሌላውን አይሰማም፤ ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

ቄስ ሞላ አርፈዋል። ድምፃቸው የተረፈው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። የሺወርቅ ሲናፍቋት ታጫውተውና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እኔ በእሳቸው ገና አልበረደልኝም፤ ቢሆንም አብሬያት እቀመጣለሁ። ሥጋውን ወደሚያመሰግኑበት ሲደርስ ግን ተነስቼ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ጎረቤትም ይስማ።