መኪናው ፊት የሚቆም ሰው

መካኒኳ በቀኝ እጇ ማርሹን አንድ በአንድ እየቀየረች በግራዋ የያዘችውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ታያለች። የልጄ መኪና የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ የሚናገረው ሴንሰር ስለተበላሸ ሞተሩ አልነሳ ብሏል።

"ሴንሰሩን ተይና ገመዱን በቀጥታ አገናኝተሽ አስነሺው፤ ረፈደብኝ እኮ!" አላት ልጄ።

"እማማ፣ በሰባት ወሩ ነው እንዴ የወለዱት?" አለችኝና ወደ እሱ ዞረች። "እንደዚያ ካደረግኩ ማርሽ ገብቶም ይነሳና ወደ ፊት ይዘላል። ጠዋት የግቢውን በር ማን ነው የሚከፍትልህ?"

"ትንሿ ልጄ።"

"እንግዲያው አዲሱ ሴንሰር እስኪመጣ በእግርህ ሂድ።"

ከዚያ የማይታጠፍ ግራ እግሯን እየጎተተች ሄዳ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች። ቱታዋ ጉልበቱ ላይ በእጅ ተጥፏል። እግሯን ምን እንዳገኘው አልጠየቅኳትም።

ተመስገን፣ አዲሱ ሴንሰር ተገጥሞ ዛሬም የልጅ ልጄ በሩን ከፍታ መኪናው ፊት ስትስቅ አየኋት። እናንተ የምታነቡ፣ እንዲህ ያለች መካኒክ ካጋጠመቻችሁ እባካችሁ አታጣድፏት።